የሰንበት ትእዛዝ ወጥ ቤት ሲደርስ

ትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10ን በቃሉ የማይወጣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ማግኘት ይቸግራል። ስለ አሥራት የሚናገረው ይህ ጥቅስ በኦርቶዶክሱ የሕንፃ ማሠሪያ ጉባኤም ሆነ በፕሮቴስታንቱ የመባ ሰዓት ሳይነሣ አይውልም። ፖስታ ላይ ይታተማል፣ ባነር ላይ ይጻፋል። ከዚያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር 5ን ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? እዚያ ላይ ነቢዩ እግዚአብሔር ለፍርድ ሲቀርብ እነማንን እንደሚከስስ ይዘረዝራል። መተተኞች አሉበት፤ አመንዝሮች አሉበት፤ በሐሰት የሚምሉም አሉበት። ከእነዚሁ ጋር በአንድ መዝገብ የሚከሰሰው የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር ሰው ነው።

ነቢዩ አንድ፣ ምዕራፉም አንድ። የታችኛው ቁጥር ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ያመጣልና ይሰበካል። የላይኛው ደግሞ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ያሳፍራልና ይታለፋል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ደመወዝ ከፋይ ለመሆን ፋብሪካ መክፈት አያስፈልግም። አንዲት የቤት ሠራተኛ መቅጠር ይበቃል። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሯ፣ ባለሱቁ፣ ዘማሪዋ፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሁሉም በቤታቸው አሠሪ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ስድስት ያህሉ ክርስቲያን ነን ብለዋል። እንግዲህ በከተማ የምትሠራ አንዲት የገጠር ልጅ በደላላ እጅ ስትቀጠር መጽሐፍ ቅዱስ መደርደሪያ ላይ ያለበት ቤት የመግባት ዕድሏ ሰፊ ነው። ስለ ደቀ መዝሙርነት ብዙ ይነገራል፤ ኮርስ ይሰጣል፤ ሰርተፍኬት ይታደላል። የኮርሱን ውጤት ለማየት ግን ከሳሎኑ ይልቅ ወጥ ቤቱ ይሻላል።

የፋሲካን ዋዜማ እንውሰድ። ቀዳም ሥዑር ነው። ልጅቱ ከማለዳ ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላ ዓይኗ ቀልቷል። ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው ታጥቦ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁሌቱ ገና አልበሰለም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ የጾም ወጥ ሠርታ አቅርባለች፤ እሷም ጾማለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። እትዬ በሩ ላይ ቆም ብለው «ድስቱ እንዳያርብሽ፤ በሩንም ከውስጥ ቆልፊ» ይሏታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሲመለሱ ገበታው መቅረብ አለበት። ለእሷ የትንሣኤው ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ከሩቅ የምትሰማው ነገር ነው።

በፕሮቴስታንቱ ቤትም ነገሩ ብዙ አይለይም። ረቡዕ ማታ የቤት ኅብረት አለ። ሃያ ሰው ሳሎን ተቀምጦ እርስ በርስ ስለ መዋደድ ሲያጠና ልጅቱ ሻይና አምባሻ ታመላልሳለች። ጥናቱ አልቆ ሁሉም ተያይዞ ሲጸልይ ብርጭቆ ታጥባለች። ወንጌል ያልደረሳቸውን ፍለጋ መኪና ተከራይቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኅብረት ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ልጅ ስሟን ሳያውቅ ዓመት ሊያልፈው ይችላል።

አሠሪዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይላሉ። ብዙዎቹም ሲሉት ከልባቸው ነው፤ ትታመም እንደሆነ ያሳክማሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ልብስ ይገዛሉ፣ ወንድሟ ሲመጣ ያሳድራሉ። ይህ ደግነት የሚናቅ አይደለም። ግን ልጅ የተባለ እሑድ ረፋዱ ላይ ይተኛል፤ በዓል ሲሆን ነጠላ ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር ይወጣል። ልጅነቱ ለሥራ ሲሆን ብቻ የሚታወስ ከሆነ፣ ልጅቱ የልጅም የሠራተኛም መብት ሳይኖራት ትቀራለች።

መጽሐፉ በዚህ ጉዳይ ለትርጓሜ የሚተርፍ ጭጋግ የለውም። የሰንበት ትእዛዝ፣ ኦርቶዶክሱ ሦስተኛ ፕሮቴስታንቱ አራተኛ አድርጎ ቢቆጥረውም፣ በዘፀአት 20 እና በዘዳግም 5 ሲጻፍ ማን ማን ሥራ እንደሚያቆም በስም ይጠራል። የቤቱ ባለቤት፣ ወንድ ልጁ፣ ሴት ልጁ፣ ከዚያ ወንድ አገልጋዩ፣ ሴት አገልጋዩ፣ ከብቶቹ፣ በግቢው ያለው መጻተኛ። ዘዳግም ደግሞ ምክንያቱን ይጨምራል፤ አገልጋዮቹ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው። እስራኤላውያን ራሳቸው በግብፅ ባሮች እንደነበሩ ያስታውሳቸዋል። ትእዛዙ የተሰጠው ለማረፍ ሥልጣን ላለው ሰው ነው። ሠራተኛዋ ራሷ ልረፍ ብትል ማን ይሰማታል? ስለዚህ ኃላፊነቱ ጌታዋ ላይ ወደቀ።

ይህ ነገር ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያስገርምም ነበር። ኢትዮጵያ ግን ስለ ሰንበት መቶ ዓመት የተከራከረች አገር ናት። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ተነሡ። ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዘመን አገራቸውን ለቅቀው ተሰደው አርመን ላይ አረፉ፤ ተከታዮቻቸው ከክህነት ተከለከሉ፣ ከቤተ መንግሥትም ራቁ። እነሱ ግን አልተመለሱም። በመጨረሻ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ሊቃውንቱ ስለ አንዲት ቀን ይህን ያህል ዋጋ ከፈሉ። ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ከአምስት መቶ ሰባ ዓመታት በላይ አልፏል። ሁለት ሰንበት ያላት ቤተ ክርስቲያን አባል በሆነ ሰው ቤት ግን አንድም ሰንበት የሌላት ልጅ ትገኛለች። የደብረ ምጥማቅ አባቶች ዛሬ ቢነሡና ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ቢያልፉ፣ በየበረንዳው ልብስ የምታጥበውን አይተው ምን እንደሚሉ ማሰብ አይከብድም።

ከዕረፍቱ ቀጥሎ ደመወዙ አለ። ዘሌዋውያን 19 የቅጥር ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ማግሥቱ ድረስ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል። ዘዳግም 24 ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው ይላል፤ ምክንያቱም ሰውየው ድሃ ነው፣ ነፍሱም በዚያች ገንዘብ ላይ ተንጠልጥላለች። ብዙ ሰባኪ የማያነሣው አንድ ነገር በማቴዎስ 20 ላይ አለ። የወይኑ ባለቤት ምሳሌ ሲሰበክ ሁሉም የሚያተኩረው ዘግይተው የመጡት እኩል ስለ መከፈላቸው ነው። የክፍያው ታሪክ ግን የሚጀምረው በመሸ ጊዜ ባለቤቱ መጋቢውን ጠርቶ ለሠራተኞቹ እንዲከፍል በማዘዙ ነው። ቸር ከመሆኑ በፊት ሕጉን ፈጸመ፤ የዕለቱን በዕለቱ ከፈለ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያስቀሩት ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ለባለጠጎች ይነግራቸዋል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ «ሲጠራቀም ትወስጂያለሽ» የሚል አነጋገር አለ። እውነት ለመናገር አንዳንዷ ልጅ ራሷ እንዲያዝላት ትለምናለች፤ ገጠር ያሉ ዘመዶቿ እንዳይጨርሱባት ትፈራለች፣ መታወቂያ የላትምና ባንክ አይከፍትላትም። ይሁን። ግን እንዲህ እየተባለ የተያዘ የስምንት ወር ደመወዝ ልጅቱ ልትወጣ ስትል ምን እንደሚሆን የሠፈር ሰው ያውቀዋል። ደብተሩ ይወጣል። የተሰበረው ጀበና ይቀነሳል፣ ያረረው ድስት ይቀነሳል፣ የጠፋው የሞባይል ቻርጀር ይቀነሳል፣ ለደላላ የተከፈለው ይቀነሳል፣ ታማ የተኛችባቸው አራት ቀናት ይቀነሳሉ። የቀረውን ደግሞ «ወር ሲሞላ ነይና ውሰጂ» ይባላል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየስልኩ ገብቷል፤ ደመወዟን በወሩ መጨረሻ በስሟ ማስተላለፍ የደቂቃ ሥራ ነው። ስልክ የሌላት እንደሆነ እንኳ ገንዘቡን በእጇ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ አስቀምጡልኝ ካለች ስንት እንደ ተቀመጠ በሁለት ወረቀት ጽፎ መፈራረም ይቻላል። በየዕቁቡ ሳንቲሙን ሳይቀር በጥንቃቄ የሚመዘግብ ሰው ይህን አልችልም ሊል አይገባም።

ጾምም ከዚህ ነገር አያስጥልም። እንዲያውም ኢሳይያስ 58 ላይ ሕዝቡ ጾመን ስለምን አላየህልንም ብሎ እግዚአብሔርን ሲሞግት የሚያገኘው መልስ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ይዘት ያለው ነው። ምእመኑ በዓመት ግማሽ ያህሉን ቀን በሚጾምባት አገር ይህ ምዕራፍ በየሁዳዴው መግቢያ ቢነበብ የሚበዛ አይሆንም። በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስለት ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ውጭ በብርድ የቆመውን ክርስቶስ ትቶ በመቅደስ ውስጥ ሐር የሚያለብሰውን ምእመን በግልጽ ወቅሶታል። አፈወርቅን ከዙፋኑ ያስነሣው ይህን የመሰለ አንደበቱ እንደ ነበር ታሪኩን ያነበበ ያውቃል።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከቤሩት የመጣውን ምስል ብዙዎች አይረሱትም። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በመኪና አምጥተው ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጣሏቸው። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ ፓስፖርታቸውም በአሠሪዎቻቸው እጅ ነበር። ካፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስር ከቤቱ የወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ትሆናለች። አዲስ አበባ ላይ ተለቀሰ፤ በአብያተ ክርስቲያናት ተጸለየ፤ በውጭ ያለውም ወገን ገንዘብ አዋጣ። ለቅሶው ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ሰሞን የኮሮና ወረርሽኝ ፍርሃት በገባባት አዲስ አበባም በሽታ ታመጣብናለች ተብለው ከነፌስታላቸው ከቤት የወጡ ልጆች ነበሩ። እነሱ ቆንስላ የላቸውም። በቤሩት ፓስፖርት ተያዘ፤ በእኛ ዘንድ ስልኳ ወይም የቀበሌ መታወቂያዋ «እንዳይጠፋባት» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባታል። ጄዳ ያለች እህቱ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አታርፍም ብሎ የሚንገበገብ ወንድም በራሱ ቤት ያለችው ልጅ መጨረሻ ያረፈችበትን ቀን ቢጠየቅ መልስ ያጣል።

የአገሪቱ ሕግም ለቤት ሠራተኛዋ ብዙ የሚያስመካ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሥራ ጣሪያ አስቀምጧል፤ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲገዛ ተወው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪ ጋር ስለምትኖር ሠራተኛ ጤናና ደኅንነት ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ የሚያነባቸው ጠበቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ውስጥ ተቆጣጣሪ ይገባል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማንም አይገባም። ማንም በማያይበት ቦታ የሚሠራ ነገር ደግሞ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ ነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ የእሱ ሕግ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ወጥቶለታል።

እዚህ ላይ የአሠሪዎችም ብሶት መሰማት አለበት። ኑሮው ከብዷል፤ የቤት ኪራዩ፣ የዘይቱ፣ የጤፉ ዋጋ ያልነካው ቤት የለም። ደላላው ዛሬ አምጥቶ በሁለተኛው ወር ሌላ ቤት ተጨማሪ ብር አለ ብሎ ያስወጣታል። ሕፃን ጥላ የጠፋች አለች፤ ወርቅ ይዛ የሄደችም አለች። ከሁሉም በላይ ሸክሙ የሚወድቀው በሴቲቱ አሠሪ ላይ ነው፤ ስምንት ሰዓት ቢሮ ውላ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ለምትመጣ እናት ሠራተኛዋ እሑድ ትረፍ ማለት እሷ እሑድ ትሥራ ማለት ነው። ለመሆኑ አባወራውስ? ስለ ሠራተኛ ዕረፍት ሲነሣ ዝም ብሎ ጋዜጣውን የሚገልጠው እሱ ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ታሪክ በየጸሎተ ሐሙሱ እግሩን ዘርግቶ የሚያከብር ወንድ በሳምንት አንድ ቀን ሳህን ቢያጥብ፣ ልጆቹም አልጋቸውን ቢያነጥፉ፣ ያቺ ሰንበት ትገኛለች። እሑድ ካልተመቸ ሌላ ቀን ይሁን፤ ሙሉ ቀን ካልተቻለ በግማሽ ይጀመር። ለሌብነቱም ቢሆን ዋስ መጥራትና ሕግ አለ፤ ያልሰረቀችውን በሰረቀችው ዕዳ መያዝ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አይፈቀድም።

ስለ ዕዳ ከተነሣ፣ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው ደብዳቤ 25 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቡና ፈልቶ ሳያልቅ ይነበባል። አናሲሞስ ከጌታው ቤት ጠፍቶ የሄደ አገልጋይ ነው። ጳውሎስ መልሶ ሲልከው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል፤ የወሰደብህ ወይም ያጎደለብህ ነገር ካለም በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል። የሐዋርያው ደብዳቤ ከእኛ የተቀናሽ ደብተር ጎን ቢቀመጥ ሁለቱ አይተዋወቁም።

አናሲሞስ የሚለው ስም በእኛም አገር ታሪክ ሠርቷል። በልጅነቱ ተሸጦ ምጽዋ ላይ በ1870 እ.ኤ.አ. ነጻ የወጣው ኦሮሞ ወጣት ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ አናሲሞስ ነሲብ። ከጎኑ የሠራችው አስቴር ጋኖም በባርነት ተሸጣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል በ1886 እ.ኤ.አ. የጣልያን መርከብ አስጥሏት በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ነበረች። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ድካም ነው። ገዥዎቿ ዘንድ ደርሳ ቢሆን ኖሮ አስቴር የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ትጨርስ ነበር፤ ስሟንም ማንም አያውቀውም። የማታ ትምህርት ልማር ብላ የምትጠይቅን ልጅ «እራቱን ማን ያቀርባል?» ብሎ የሚከለክል አሠሪ ይህችን ሴት ቢያስባት መልካም ነው።

ኢዮብም በምዕራፍ 31 ንጽሕናውን ሲዘረዝር ወንድ አገልጋዩ ወይም ሴት አገልጋዩ በተሟገቱት ጊዜ አቤቱታቸውን እንዳልናቀ ይናገራል። እሱን በማኅፀን የሠራው እነሱንም ሠርቷልና። ያ ሁሉ ከብትና ግመል የነበረው ሰው ሠራተኛዬ ተከራክራኛለች ብሎ አልተቆጣም። በእኛ ዘንድ ግን ደመወዝ ይጨመርልኝ ያለች ልጅ «ዓይን አወጣች» ትባላለች።

የአብያተ ክርስቲያናቱ መምህራን እዚህ ላይ ድርሻቸው ትልቅ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም.፣ የምዕራባውያን ለጋሾች የሰውን ነፍስና ሥጋ ለይተው እንዳይረዱ የሚሞግት ደብዳቤ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ልካ ነበር። ያን ያህል ርቀት የተላከ ሙግት በአገር ቤት ሳሎን ውስጥ መሰማት ይገባዋል። ንስሐ አባት ልጃቸውን ጾምህን ጾመሃል ወይ፣ ቆርበሃል ወይ ብለው ሲጠይቁ የሠራተኛህን ደመወዝ ከፍለሃል ወይ ብለው ቢጨምሩ ቀኖና አያፈርሱም። የደቀ መዝሙር ኮርስ የሚያዘጋጀው መጋቢም ከጸሎትና ከምስክርነት ትምህርት ጎን ስለ ቅጥርና ስለ ክፍያ አንድ ምዕራፍ ቢያክል ሰልጣኞቹ ሰኞ ጧት የሚሠሩበት ነገር ያገኛሉ። ጽዋ ማኅበሩም የድግሱን ሳህን የሚያጥቡት ልጆች ከድግሱ በፊት እንዲበሉ መወሰን ይችላል።

ይህን የሚያነብ አሠሪ ያልከፈለው ደመወዝ ካለ ዛሬ አስልቶ ይስጥ፤ የዕረፍት ቀኗንም ከልጅቱ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። ቄሱም ሆኑ መጋቢው ለጸሎት ወደ ምእመን ቤት ሲገቡ ወጥ ቤት ያለችውን ልጅ ጠርተው ስሟን ይጠይቋት፤ ደመወዟን መቼ እንደ ወሰደች ደግሞ እትዬ በሌሉበት።